ቃሉን ብንጠይቀው ስብከት፣ ጃማን ብንጠይቀው የሐኪም መጽሔት፦ ጎግል አለርትስ ለወሎ ሰው

ስለ ወሎ የሚጻፈውን በየድረ ገጹ እየዞሩ መልቀም ለዞን ኮሙኒኬሽን ባለሙያም፣ ለደላንታ ኦፓል ነጋዴም፣ ለማስተርስ ተማሪም ግማሽ ቀን ይበላል። ጎግል አለርትስ ይህን በነፃ ልሥራላችሁ ይላል። ቁልፍ ቃል ይሰጡታል፤ ያ ቃል ያለበት አዲስ ገጽ ሲያገኝ ርዕሱን፣ ሁለት መስመር ያህል ቅንጫቢና ሊንኩን በኢሜይል ይልካል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አገልግሎት ነው፤ መልኩ ዛሬም ተራ ነው፣ አንድ ሳጥንና ጥቂት ምርጫዎች።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በእንግሊዝኛ ለሚጻፈው ዜና ደህና አገልጋይ ነው። ለአማርኛው ጎደሎ ነው፤ ከጉድለቱ ግን ግማሹ የጎግል ሳይሆን እኛ የምንሰጠው ቃል ጥፋት ነው። አብዛኛው ሰው «ደሴ» ብሎ ጽፎ ይመዘገባል፣ ሳምንት ሙሉ የማይመለከተው ነገር ይጎርፍለታል፣ በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ይዘጋዋል። በሰፌድ ያልተነፋ እህል ድንጋይ ቢኖረው ወፍጮውን መውቀስ ነው።

ስሞቻችን ለምን ያስቸግራሉ

የወሎ የቦታ ስሞች ለቃል ፈላጊ ማሽን ፈተና ናቸው። ቃሉ ወረዳን ፈልገን «ቃሉ» ብቻ ካልን ኢሜይሉ በስብከት ይሞላል፤ «ቃሉ እንዲህ ይላል» የማይል የወንጌል ገጽ የት ይገኛል? ከለላ ወረዳን ስንጠይቅ ስለ ሕግ ከለላ የሚያወራው ሁሉ ይመጣል። ሐይቅ ከተማን ስንል ከጣና እስከ ጫሞ ያለው ሐይቅ ተግተልትሎ ይገባል። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስሞችም ናቸውና የባቲን ሰኞ ገበያ ወሬ የጠበቀ ሰው የዘፈን ግጥም ይደርሰዋል። ቦረና ብንል ደቡብ ወሎ ያለው ሳይሆን የኦሮሚያው ቦረና ዞን ይቀድማል፤ ስለ ድርቁም ስለ ከብቱም ብዙ የሚጻፈው ስለ እሱ ነው። ኮምቦልቻ እንኳ መንታ አለው፤ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ኮምቦልቻ የሚባል ወረዳ አለ። ደሴ ደግሞ የሰው ስም ነው።

በላቲን ፊደል ሲጻፉ ነገሩ ይብሳል። ጃማ ለጎግል በመጀመሪያ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ነው። ቆቦ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው፣ የናይጄሪያ ሳንቲም ነው፣ መጠይቅ መሰብሰቢያ ሶፍትዌርም ነው። ባቲ ለቱርኮች «ምዕራብ» ማለት ስለሆነ የኢስታንቡል ጋዜጣ ሁሉ ይገባል። ቃሉ የናይጄሪያ ፖለቲከኞች የቤተሰብ ስም ነው። ደሴን በሁለት ኤስና መጨረሻው ላይ በአንድ ኢ ብቻ ከጻፉት ደግሞ በፖርቱጋልኛ በየዐረፍተ ነገሩ የሚገኝ ተራ ቃል ይሆንና ብራዚል ደሴ ድረስ ትመጣለች።

መድኃኒቱ ስሙን ብቻውን አለመተው ነው። አጠገቡ የሚያጸናው ቃል ይቁም። በአማርኛ ዜና ውስጥ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ «ወረዳ» ወይም «ከተማ» ነው፤ ጋዜጠኛው «በቃሉ ወረዳ» «በሐይቅ ከተማ» ብሎ ነው የሚጀምረውና። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ወሎ» ወይም «ኢትዮጵያ» ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ለባቲና ለከሚሴ «ደቡብ ወሎ» ብለው ማጽኛ ካስገቡ ምንም አይመጣም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም በአስተዳደር የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ናቸው፣ ዜናውም በዚያው ስም ነው የሚጻፈው። ሰቆጣም ዋግ ኽምራ እንጂ ሰሜን ወሎ ተብሎ አይጻፍም። በልባችን ወሎ የሆነ ሁሉ በዜና ላይ ወሎ ተብሎ አይጠራም።

ፊደሉ፣ መነሻ ቃላቱና የሠላሳ ሁለት ቃል ጣሪያ

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር አጻጻፉ ነው። ጎግል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባን ቃል እንደተጻፈው ነው የሚፈልገው። አማርኛ ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያለ አንዱን ድምፅ በብዙ ፊደል ይጽፋል። ሐይቅን እንቁጠር፦ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ፣ ኃይቅ፤ አራት። በላዩ ላይ መነሻ ቃላቱ በ፣ የ፣ ከ፣ ለ ይለጠፋሉ፤ ባዶውን ጨምሮ አምስት መልክ። አራት በአምስት ሃያ። ጎግል ፍለጋ ከ32 ቃል በላይ ያለውን ይተወዋል፤ ስለዚህ አንዲት ከተማ ብቻዋን ጣሪያው አጠገብ ደረሰች። «ከተማ»ን ከኋላ ከጨመርን አርባ ቃል ነው፤ ከሠላሳ ሁለቱ ያለፈው ስምንት ቃል ይጣላል። ብዙ «ጠንቃቃ» አለርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ሁሉን አስገብቻለሁ ብሎ ይተማመናል፣ ጅራቱ ግን አይነበብም።

ስለዚህ ሁሉን መልክ መደርደር ሳይሆን መምረጥ ነው። እያንዳንዱን አጻጻፍ በተራ የጎግል ፍለጋ ላይ በጥቅስ አስገብቶ፣ በ«ቱልስ» በኩል ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻ አድርጎ ማየት፤ ብዙ ውጤት ያመጡትን ሦስቱን ወይም አራቱን መውሰድ፤ ሌላውን መተው። ከመነሻ ቃላቱ ውስጥ ለከተማ «በ» እና «የ» ይበቃሉ። «በደሴ ከተማ» ዜናውን ያመጣል፣ «የደሴ ከተማ» ደግሞ አስተዳደሩን። ለዞን «በደቡብ ወሎ» እና «የደቡብ ወሎ»። በቢሮ አጻጻፍ «ደ/ወሎ» እና «ሰ/ወሎ» የሚለው አህጽሮትም አለ፤ የጨረታና የቅጥር ማስታወቂያ ለሚከታተል ሰው ይህ መቅረት የለበትም።

ኮከብ ምልክት ያድነናል ብለው የሚሞክሩ አሉ። አያድንም። ኮከቡ በጥቅስ ውስጥ ሙሉ ቃልን ይተካል እንጂ የቃል ቁራጭን አይተካም፤ "*ደሴ" ብሎ መጻፍ በደሴንም የደሴንም አያመጣም። በሌላ ሥራ ላይ ግን ይጠቅማል፦ "የወሎ * ፕሬዚዳንት" የሚለው በመሃል ያለው ቃል ዩኒቨርሲቲም ሆነ ዩኒቨርስቲ ወይም ዩንቨርሲቲ ቢባል ይቀበላል። ይህ ቃል ሁልጊዜ ተበላሽቶ ስለሚጻፍ ዘዴው ዋጋ አለው።

ሌሎች ሁልጊዜ የሚከፈሉ ስሞች፦ ወልድያ እና ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ እና ኮንቦልቻ፣ ወረኢሉ እና ወረ ኢሉ። የመጨረሻው አንዴ አንድ ቃል አንዴ ሁለት ቃል ስለሚሆን ሁለቱንም በጥቅስ ማስገባት ግድ ነው። በላቲን ፊደል ለወሎ ሦስት አጻጻፍ ያስፈልጋል፦ ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ ገብቶ በሁለት ኤል፣ ኢ ገብቶ በሁለት ኤል፣ እንዲሁም ኢ ገብቶ በአንድ ኤል። ለደሴ በአይ-ኢ የሚጨርሰው ረጅሙ ይበቃል። ለሐይቅ ሦስት አለ፤ በኪው፣ በኬ፣ እንዲሁም ያለ ዋይ በአይ።

ምልክቶቹ፣ እና አለርቱን የሚገድሉት ጥቃቅን ስህተቶች

አማራጭ ቃላትን ለመደርደር በእንግሊዝኛ «ኦር» የሚለው ቃል በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። በአማርኛ ኪቦርድ ለሚጽፍ ሰው የሚቀለው ግን ቀጥ ያለው ዘንግ ምልክት ነው፤ ያው ሥራ ይሠራል፣ ቋንቋ መቀየርም አያስፈልግም። ለምሳሌ፦

"በቃሉ ወረዳ" | "የቃሉ ወረዳ" | "ቃሉ ወረዳ"

ዘንጉ አጠገቡ ያሉትን ሁለት ነገሮች አጥብቆ ይይዛል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ «እና» ማለት ነው። ስለዚህ ሀ | ለ ሐ | መ ብሎ የተጻፈ «ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ከኋለኞቹም አንዱ ይኑር» ተብሎ ይነበባል። ይህን የማያውቅ ሰው ቅንፍ ሲደረድር ይውላል።

መቀነሻ ምልክት የማይፈለገውን ቃል ያስወጣል፣ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ግን መጻፍ አለበት። ባቲ -ቅኝት -ዘፈን ይሠራል። በመቀነሻውና በቃሉ መካከል ክፍተት ከገባ ምልክቱ ዋጋ የለውም፤ ይባስ ብሎ ያ ቃል የሚፈለግ ቃል ይሆናል። የስልክ ኪቦርድ ሥርዓተ ነጥብ ሲጻፍ በራሱ ክፍተት የሚያስገባ ከሆነ ይህ ስህተት በየቀኑ ይፈጠራል።

በመቀነስ ላይ ግን መስገብገብ አይገባም። አሉታዊው ቃል የሚመዘነው በዜናው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በገጹ ሙሉ ነው። የአማርኛ ዜና ድረ ገጾች ከላይ «ስፖርት»፣ «ኪነ ጥበብ»፣ «ኢኮኖሚ» የሚል ዝርዝር አላቸው። የኳስ ወሬ ይቀንስልኛል ብለው -ስፖርት ካስገቡ፣ ዝርዝሩ ላይ ያ ቃል ስላለ ብቻ ብዙ ጥሩ ዜና አብሮ ሊወጣ ይችላል። ለወሎ ኮምቦልቻ ክለብና ለከተማው ዜና መለያ -ስፖርት ሳይሆን -ግብ -ጨዋታ -ሊግ ይሻላል፤ እነዚህ በማውጫ ላይ እምብዛም አይገኙም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ገጹ ጎን ላይ «ተዛማጅ ዜናዎች» በሚለው ሳጥን ውስጥ የደሴ ርዕስ ካለ፣ ስለ ሐዋሳ የተጻፈው ዜና የደሴ ተብሎ ይላካል። ይህ ሲበዛ ቃሉን በርዕስ ብቻ መፈለግ ነው፤ «ኢንታይትል» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ሳይለዩ ቃሉን ማስከተል። አንድ የተወሰነ ድረ ገጽን ብቻ ለመከታተልም «ሳይት» የሚለው ትእዛዝ በዚሁ መልክ ይጻፋል። በሁለቱም ላይ የሚያስፈልገው የላቲኑ ኮለን ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ክፍት ከሆነ በቦታው የእኛው ሁለት ነጥብ ፡ ወይም ፦ ይገባል፤ በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል፣ ለጎግል ግን ትእዛዙ ፈርሷል። ለጥቅስም እንዲሁ፦ «» የሚለውን ማዕዘናማ ጥቅስ ሳይሆን ቀጥ ያለውን " ይጠቀሙ።

ዓመተ ምሕረት ማስገባት ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል። 2017 ብለው ከጻፉ ግማሹ ውጤት የእኛ 2017 ሲሆን ሌላው የፈረንጆቹ ነው፤ በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። አለርት የሚልከው አዲስ የተገኘ ገጽ ነው፣ ቀን መቁረጥ አያስፈልገውም። የቀድሞ ገጽ ታድሶ እንደ አዲስ የሚመጣበት ጊዜ ግን አለና ሊንኩን ሲከፍቱ ቀኑን፣ ከቀኑም በፊት የዘመን አቆጣጠሩን ይዩ።

ሴቲንጉ

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። የአለርትስ ገጽ ላይ ቃሉን ጽፎ «ሾው ኦፕሽንስ» የሚለውን መክፈት ነው፤ ጂሜይል ከሌለዎት ማንኛውም ኢሜይል ይሆናል፣ የማረጋገጫ ሊንክ ይላክልዎታል።

ድግግሞሹን በቀን አንዴ ያድርጉት። «ወዲያው» የሚለው ምርጫ ወዲያው አይደለም፤ ጎግል ገጹን ባገኘ ጊዜ ማለት ነው፣ ትንንሽ የአማርኛ ድረ ገጾችን ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚጎበኛቸው። ምንጩን «አውቶማቲክ» ላይ ይተዉት፤ «ኒውስ» ብለው ከገደቡት በጎግል የዜና ክፍል የማይታዩ ብዙ የአማርኛ ገጾች ይቀራሉ። ቋንቋና ክልል «ማንኛውም» ይሁኑ፤ ስለ ወሎ ከሚጻፈው ብዙው የሚወጣው ከውጭ አገር ነው። ብዛቱ ላይ ለአማርኛ «ሁሉም ውጤቶች»፣ ለእንግሊዝኛ «ምርጦቹ ብቻ»፤ አማርኛው ሲሳሳ እንግሊዝኛው ይጥለቀለቃልና።

ብዙ አለርት ላለው ሰው በማርሹ ምልክት ውስጥ «ዳይጀስት» የሚል አለ፤ ሁሉንም በአንድ ኢሜይል ጠቅልሎ በተወሰነ ሰዓት ያደርሳል። ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለማግኘት 7 ይምረጡ፤ 1 ኤኤም ካሉ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው የሚመጣው። የመልእክቱ ቅንጫቢ ለመለየት ስለሚበቃ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ይህ የአገልግሎቱ ትልቁ በጎነት ነው፤ አሥር ገጽ ከመክፈት አንድ ኢሜይል ማየት። ኢሜይሉ ጂሜይል ውስጥ «ፕሮሞሽንስ» ሥር ከተደበቀ በላኪው አድራሻ ፊልተር ሠርተው የራሱን መለያ ይስጡት።

አንድ አለርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፦ የደላንታ ኦፓል

በደላንታዋ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የተገኘው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ «ወሎ ኦፓል» ተብሎ ይጠራል፤ የውጭ ነጋዴዎች ስሙን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በአንድ ኤል ነው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኦ። ዋጋና ገበያ ለመከታተል የሚፈልግ ነጋዴ በምን ይጀምር?

«ኦፓል» ብቻ ቢል የመጀመሪያው ቀን ኢሜይል የሲድኒን አውቶቡስ ያመጣል፤ የአውስትራሊያዋ ከተማ የትራንስፖርት ካርድ ኦፓል ነው የሚባለው። ከዚያ የአውስትራሊያ ኦፓል ይከተላል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን አይቆምም። ሁለተኛው ሙከራ "ወሎ ኦፓል" በእንግሊዝኛ፣ በጥቅስ፣ በአንድ ኤል። ሲድኒ ወጣች። አሁን የሚጎርፈው የኦንላይን ሱቅ ነው፦ ቀለበት፣ ዶቃ፣ የካራት ዋጋ። ለዋጋ ፈላጊ ይህ ጠቃሚ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ሻጭ አዲስ ገጽ በከፈተ ቁጥር ይላካል፣ ዜናው ሥሩ ይቀበራል።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው አለርት ለዜና፦ "ወሎ ኦፓል" | "የኢትዮጵያ ኦፓል" በእንግሊዝኛ፣ ከኋላ ኤክስፖርት | ማዕድን | ማይኒንግ፣ ከዚያም ኢቤይንና ኤትሲን በሳይት ትእዛዝ መቀነስ፤ መቀነሻው ከ«ሳይት» ፊት ተጣብቆ ይገባል። ይህ በቀን አንዴ። ሁለተኛው ለገበያ ዋጋ፣ ሱቆቹ ሳይቀነሱ፣ በሳምንት አንዴ። ሦስተኛ በአማርኛ ያስፈልጋል፦ "ኦፓል" ደላንታ | "ወገል ጤና" | ወሎ። እዚህ ላይ «ኦፓል»ን በጥቅስ ማድረግ ለምን? ጎግል ተቀራራቢ ቃል ሲያይ ለማረም ይቸኩላልና ኦፔል መኪና እንዳይመጣ።

ከማጽደቅዎ በፊት ገጹ ታች ላይ የሚያሳየውን ናሙና ይቁጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች ስድስቱ የሚፈልጉት ከሆነ አለርቱን ይክፈቱት። ከሦስት በታች ከሆነ ቃል ይጨምሩ እንጂ ቃል አይቀንሱ፤ ማጽኛ ቃል መጨመር ሁልጊዜ ከመቀነሻ ምልክት የተሻለ ያጣራል።

መቅደላን ለሚከታተሉም መንገዱ ያው ነው። ስለ ተዘረፈው ቅርስ የሚጽፉ የእንግሊዝ ሙዚየሞች ስሙን በኪው ይጽፋሉ፣ የድሮ ጽሑፎች በጂ። በጂ ሲጻፍ ግን የገሊላዋ መጌዶል ትመጣለች፣ መግደላዊት ማርያምም ትከተላለች። ስለዚህ የጂውን ብቻውን አትልቀቁት፤ ታቦት፣ ብራና ወይም ቴዎድሮስ በእንግሊዝኛ ይከተሉት፣ 1868 ቢጨመርም ይረዳል። ዓመት ማስገባት የሚያዋጣበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። በአማርኛ ደግሞ «መቅደላ» ሲባል የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ይቀድማልና -ዩኒቨርሲቲ -ዩኒቨርስቲ ያስፈልጋል። ላሊበላ ሌላ ጣጣ አለው፦ በየአገሩ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ላሊበላ ይባላል። በእንግሊዝኛ ሬስቶራንት፣ ሜኑ እና ቱር የሚሉትን ቀንሱ፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥምቀት ደግሞ ድግግሞሹን በሳምንት አንዴ አድርጉት፣ የገና ጉዞ ማስታወቂያው ሌላውን ይውጠዋል።

የማያየው

አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት፦ የወሎ ዕለታዊ ወሬ ዛሬ በብዛት ያለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው፣ ጎግል አለርትስ ደግሞ እዚያ ብዙም አይገባም። የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በፌስቡክ ገጹ ብቻ የለጠፈውን መግለጫ በዚህ መንገድ አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ለዚያ ገጹን ራሱን መከተል ነው።

ጨረታ ለሚከታተሉ ተቋራጮችም ጉድለቱ ከባድ ነው። እንደ በኩርና አዲስ ዘመን ባሉ ጋዜጦች ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ በፎቶ ወይም በስካን መልክ ነው፤ ምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በአለርት አይያዝም። ፒዲኤፍ ሆኖ ጽሑፍ ቢኖረውም ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ካልሆነ ያው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ዓይነት የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ዛሬም ይመረታል። ለእኛ ዓይን «ግልጽ ጨረታ» የሚለው ለማሽኑ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ለመለየት ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ማስታወሻ ላይ ይለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ይገኛል፤ ዝብርቅርቅ ካለ የትኛውም ቁልፍ ቃል አያመጣውም።

ኢሜይል የሚሰለቻቸው በመቀበያ አድራሻው ፈንታ «አርኤስኤስ ፊድ» (አዲስ ውጤት ወደ ማንበቢያ መተግበሪያ የሚያደርስ መስመር) መርጠው እንደ ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር ባለ ማንበቢያ ሊያዩት ይችላሉ። ጎግል ይህን ምርጫ በ2013 እ.ኤ.አ. ሪደር የተባለውን አገልግሎቱን ሲዘጋ አንስቶት ነበር፣ በዚያው ዓመት መለሰው። ከአሥር በላይ አለርት ላለው ይህ ይሻላል።

ለተመራማሪ፦ ጎግል ስኮላር

የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ስኮላር የራሱ አለርት አለው፣ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም። እዚያ «ወሎ» ብሎ መጻፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ምንም ነገር ቢጽፉ የተቋማቸው ስም ከስማቸው ሥር ስላለ ሁሉም ይመጣል። በርዕስ ብቻ መፈለግ ይህን ያጠራዋል። ሌላም የሙያው ልማድ አለ፦ ደሴ ላይ የተሠራ የጤና ጥናት ርዕሱ ብዙ ጊዜ «ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ» ብሎ ነው የሚያበቃው፣ ወሎ የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሁለት አለርት፦ አንዱ "ደቡብ ወሎ" | "ሰሜን ወሎ" በርዕስ፣ ሌላው "ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ" ከጥናቱ ጉዳይ ጋር፣ ወባም ይሁን የአፈር መሸርሸር።

ዝም ሲል

አለርት ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልላከ ወሬ ስለሌለ ነው ብለው አይተዉት። ጥያቄውን እንዳለ ኮፒ አድርገው በተራው ጎግል ላይ ይለጥፉት፣ ያለፈውን ወር ይምረጡ። እዚያ ውጤት ካለ ኢሜይሉ የተቀበረ ነው፤ ፕሮሞሽንስንና ስፓምን ይዩ። እዚያም ባዶ ከሆነ ስህተቱ ጥያቄው ውስጥ ነው፦ ያልተዘጋ ጥቅስ፣ በላቲን ኮለን ቦታ የገባ ፡፣ ከቃሉ የተለየ መቀነሻ፣ ወይም ብዙውን ጊዜ እንደሚሆነው አንድ የበዛ «እና»። ከኋላ አንድ አንድ ቃል እያነሱ ይሞክሩ፤ ውጤት መምጣት የጀመረበት ቦታ ላይ ያነሱት ቃል ነው የዘጋው።